ስድስት ጣሳ፣ 600 ዶቃ፦ የዲኤንኤን ቁጥር በእጅ የመሥራት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ጥር፣ ደሴ

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ጠበቃ ናት፤ እኔ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። የሆነ የውጭ አገር ፍርድ እያነበበች ነበር። "ባለሙያው ዲኤንኤው በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው ይላል። እንግዲህ ሰውየው ንጹህ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው ማለት ነዋ?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። አቦሉ አለቀ፣ አልገባትም። ቶናው አለቀ፣ አሁንም አልገባትም። በረካው ላይ ለእኔም ግራ ገባኝ።

"ወረቀት ላይ አትጻፍልኝ። በእጄ የምነካው ነገር ሥራልኝ፤ ለጓደኞቼም አሳያለሁ" አለች። ከሁለት ወር በኋላ ከወጣት ጠበቆች ጋር የቅዳሜ ውይይት አላቸው። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ዲኤንኤ ላይ አጫጭር የፊደል ቅደም ተከተሎች የሚደጋገሙባቸው ቦታዎች አሉ። ቲኤች01 የሚባለውን እንውሰድ። እዚያ ባለ አራት ፊደል ቅንጣት ይደጋገማል፤ አንዱ ሰው ላይ 6 ጊዜ፣ ሌላው ላይ 9 ጊዜ። አንዱን ቁጥር ከእናታችን፣ ሌላውን ከአባታችን እንወርሳለን። ስለዚህ በየቦታው ሁለት ሁለት ቁጥር አለን። ቦታው ሎከስ፣ ቁጥሩ አሊል ይባላል። አሜሪካኖች ለወንጀል መዝገባቸው 13 ሎከስ ይጠቀሙ ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ 20 አድርገውታል (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በእኔ ሥራ ጣሳ ሎከስ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው የእህል ዓይነት አሊል ነው። ከየጣሳው ሁለት ሁለት ፍሬ ያወጣ "ሰው" ሆነ። 20 ጣሳ ቤቴ አይገባም፤ 6 ይበቃል።

የወተት ዱቄት ጣሳ 6፦ በነፃ፣ ከጎረቤት። ባቄላ፣ ሽንብራ፣ አተር፣ ቦለቄ፣ ምስር፦ 260 ብር።

2ኛ ሳምንት

ከሸፈ።

እያንዳንዱ ጣሳ ውስጥ 100 ፍሬ ከተትኩ፦ ምስር 40፣ ሽንብራ 25፣ ባቄላ 20፣ ቦለቄ 10፣ አተር 5። ከዚያ አንዱን ጣሳ ፈተንኩት። አንድ ፍሬ አወጣለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እነቀንቃለሁ። 100 ጊዜ። ባቄላ 20 ገደማ መምጣት ነበረበት፤ 33 መጣ። ምስር 40 ይጠበቅ ነበር፤ 22 መጣ። የባቄላው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የሚኖረው የተለመደ ልዩነት፣ 4 ነው። 13 መብለጥ እንግዲህ ከሦስት እጥፉ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለው በአጋጣሚ እምብዛም አይመጣም።

ጣሳውን የበለጠ ነቀነቅሁ። ባሰበት።

እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ ሳቀች። "አንተ፣ ሰፌድ ላይ እህል ሲንገዋለል አይተህ አታውቅም? ትልቁ ወደ ላይ፣ ትንሹ ወደ ታች ነው እኮ" አለችኝ። ልክ ናት። በዚያ ላይ ጣት ትልቁን ፍሬ ቀድሞ ያገኘዋል። ዲግሪዬን አስቤ አፈርኩ።

የሚገርመው እውነተኛው ላብራቶሪ ተመሳሳይ ችግር አለበት፣ ግን በተቃራኒው። ናሙናው ፀሐይ ወይም ዝናብ የመታው ከሆነ ዲኤንኤው ይሰባበራል። ያኔ አጭሩ ቁራጭ በቀላሉ ይባዛል፣ ረጅሙ ይጠፋል። ሁለት አሊል ያለው ሰው አንድ ብቻ ያለው ይመስላል። ይህን ድሮፕአውት ይሉታል። ለማንኛውም እህሉ በማግስቱ ንፍሮ ሆነ። 260 ብሩ ሙሉ በሙሉ አልባከነም።

3ኛ ሳምንት

ሰኞ ገበያ ወርጄ ዶቃ ገዛሁ። አንድ መጠን፣ አምስት ቀለም፣ 600 ፍሬ፣ 540 ብር። ሻጯ "ሙሽራ አለ እንዴ?" አለችኝ። የሒሳብ ነው አልኳት። በአዘኔታ አየችኝና 5 ዶቃ መረቀችልኝ።

ቆጠራ እንዳይበዛብኝ ብዬ ሁሉንም ጣሳ አንድ ዓይነት አደረግሁት፦ ቀይ 40፣ ቢጫ 25፣ አረንጓዴ 20፣ ሰማያዊ 10፣ ነጭ 5። እውነተኛው ሎከስ እያንዳንዱ የራሱ ስርጭት አለው። ለማስተማሪያ ግን ይሄ ይበቃል። ፈተናውን ደገምኩት፤ ቀይ 43፣ ነጭ 4 መጣ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቀጥሎ 120 "ሰው" ማምረት ነበረብኝ። በ6 ጣሳ፣ በሁለት ሁለት ዶቃ፣ 1,440 ጊዜ ማውጣት ማለት ነው። የጎረቤት ልጆችን በከረሜላ ቀጠርኩ (60 ብር)። ሁለቱ ያወጣሉ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይመዘግባሉ። ማኒላ ወረቀት ቆርጠን ካርድ አደረግን (150)፣ ማርከር 3 (135)። ሁለት ከሰዓት ፈጀ።

ሁለት ስህተት። አንደኛ፣ 3ኛው ጣሳ መጨረሻ ላይ ሲቆጠር 97 ዶቃ ሆነ። ሦስቱ ትንሹ ልጅ ኪስ ውስጥ ተገኙ። መቼ እንደገቡ ስላላወቅን የዚያን ጣሳ 240 ዕጣ እንደ አዲስ አወጣን። ልጆቹ ሁለተኛ ዙር ከረሜላ ጠየቁ፤ መብታቸው ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። የሁለቱን ጸሐፊዎች መዝገብ ጎን ለጎን ሳደርገው ከ1,440 ውስጥ 11 ቦታ ላይ ይለያያል። ከ131 አንድ ገደማ። አንዱ "ሰ" ለሰማያዊ ሲጽፍ ሌላው "ቀ" ብሏል፣ ወዘተ። ይህን ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ በቀይ ከበብኩት። ምክንያቱም በኋላ "ከሚሊዮን አንድ" እያልኩ ስፎክር፣ መዝጋቢው ራሱ ከ131 አንዴ ይሳሳታል። ልጆች ናቸው ትሉ ይሆናል። ጀርመን ውስጥ ግን ፖሊስ ለዓመታት አንዲት ሴት ሲያሳድድ ነበር። ዲኤንኤዋ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ፈረንሳይ ውስጥ ምንም በማይገናኙ ወንጀሎች ላይ ይገኝ ነበር፤ 2007 ሃይልብሮን ከተማ ውስጥ የተገደለችው ፖሊስ ጉዳይ ላይም ተገኘ። በ2009 ነገሩ ተጣራ። ሴትዮዋ ወንጀለኛ አልነበረችም። ናሙና መሰብሰቢያው የጥጥ ዘንግ የሚዘጋጅበት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ግጥሚያው ትክክል ነበር። ዘንጉ ነው የቆሸሸው።

4ኛ ሳምንት

ኤክሴል ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ካርድ 47ን "ተጠርጣሪ" ብዬ መረጥኩ፦

ጣሳ 1 ቀይና ቢጫ፣ ጣሳ 2 ቀይና ቀይ፣ ጣሳ 3 ቢጫና አረንጓዴ፣ ጣሳ 4 ቀይና አረንጓዴ፣ ጣሳ 5 ሰማያዊና ቢጫ፣ ጣሳ 6 አረንጓዴና ነጭ።

የየጣሳውን ዕድል አባዛሁ። ከ62,500,000 ሰው አንድ ወጣ! ደስ ብሎኝ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ።

ማታ አልጋ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ተነስቼ የጣሳ 1ን ሁሉንም 15 ጥምረቶች ደመርኩ። 1 መምጣት አለበት። 0.6375 መጣ። መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ የለውም፤ ያላስቀመጥኩት ሥራም አብሮ ሄደ። በሻማ በወረቀት ደገምኩት። ያው 0.6375።

ጥፋቱ የጀማሪ ነው። ቀይና ቢጫ ሁለት መንገድ አለው፤ ቀዩ ከእናት ቢጫው ከአባት፣ ወይም ተገላቢጦሽ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ 0.40 ሲባዛ በ0.25፣ ማለትም 0.20 ነው። እኔ ሁለቱን ረሳሁት። ቀይና ቀይ ብቻ ነው 0.40 በራሱ ተባዝቶ 0.16 የሚሆነው። ይሄ ሃርዲና ዋይንበርግ በ1908 ለየብቻ ያወጡት ሕግ ነው፤ እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ ፈተና የማወጣበት።

ትክክለኛው፦ 0.20፣ 0.16፣ 0.10፣ 0.16፣ 0.05፣ 0.02። ሲባዙ ከ1,953,125 ሰው አንድ።

ካርድ 47 ላይ ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው አምስት ጣሳዎች ስላሉ፣ ሁለትን አምስት ጊዜ ረስቻለሁ። ማስረጃውን 32 እጥፍ አጋነንኩት ማለት ነው። ተጠርጣሪው ላይ። በአንዲት የተረሳች ቁጥር። መልሼ ስደውልላት ዝም ብላ ሰማችና "የመጀመሪያውን ቁጥር ችሎት ላይ ብትለው ኖሮ ማን ያርምሃል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ኤክሴሉ ላይ ድምሩ 1 ካልሆነ ሴሉ ቀይ እንዲሆን አድርጌያለሁ።

ማባዛት የሚፈቀደው ነገሮቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ብቻ ነው። የእኔ ጣሳዎች አይተዋወቁም፤ ስለዚህ ይባዛሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሳሊ ክላርክ ሁለት ሕፃናት ልጆቿ በየተራ ሞተውባት በ1999 በግድያ ተፈረደባት። አንድ የሕክምና ባለሙያ፣ እንዲህ ባለ ቤተሰብ አንድ ሕፃን በድንገት የመሞት ዕድሉ ከ8,543 አንድ ነው ብሎ ቁጥሩን በራሱ አባዛው። ከ73 ሚሊዮን አንድ አለ። ሁለቱ ግን ወንድማማቾች ናቸው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ደም። አንዱን የገደለ የተፈጥሮ ምክንያት ሌላውንም ሊያገኘው ይችላል። በ2003 ፍርዱ ተሻረ። ዲኤንኤ አይደለም፣ ጥፋቱ ግን የማባዛት ነው።

5ኛ ሳምንት

ጥያቄ፦ 120 ካርድ ውስጥ እርስ በርስ የሚገጥሙ አሉ?

መጀመሪያ ኤክሴሉ በጣም ጥቂት አገኘ። ጠረጠርኩ። ለካ አንዱ ካርድ "ቀይ-ቢጫ"፣ ሌላው "ቢጫ-ቀይ" ተብሎ ተጽፏል፤ ኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያየ ነገር መስሎታል። ለቀለማቱ ቁጥር ሰጥቼ ትንሹ እንዲቀድም አደረግሁ። ግማሽ ቀን።

ሁለት ሰው አንድ ጣሳ ላይ በአጋጣሚ የሚገጥምበት ዕድል 0.12 ነው። 120 ሰው 7,140 ጥንድ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 3 ጣሳዎች ላይ 12 ጥንድ ገደማ ይጠበቃል፤ 15 አገኘሁ። 4 ጣሳ ላይ 1.5 ይጠበቃል፤ 2 አገኘሁ። 5 ላይ ምንም።

ከዚያ "የመጀመሪያዎቹ 4" ማለቱን ትቼ "ከስድስቱ የትኛውም 4" አልኩት። 19 ጥንድ! ተደናገጥኩ፤ ኋላ ሳሰላው 17 ገደማ ይጠበቃል። 4 ጣሳ ከ6 ለመምረጥ 15 መንገድ አለ፤ ለዚህ ነው።

አሜሪካ አሪዞና ውስጥም ይሄው ሆኗል። 65,493 ሰው ያለበት መዝገብ ሲፈተሽ ከ13 ሎከስ 9ኙ የሚገጥሙ 122 ጥንዶች ተገኙ። ሰው "ከቢሊዮን አንድ አላላችሁም ወይ?" ብሎ ጮኸ። 65,493 ሰው ግን ከ2.1 ቢሊዮን በላይ ጥንድ ነው። 9ኝ ከ13 ለመምረጥ ደግሞ 715 መንገድ አለ። አንድን ሰው ከአንድ ናሙና ጋር ማስተያየት ሌላ፣ ሁሉን ከሁሉ ጋር ማስተያየት ሌላ።

ሌላም አለ። በ1999 እንግሊዝ ውስጥ በ6 ሎከስ ከመዝገብ የገጠመ ሰው በስርቆት ተያዘ። የአጋጣሚው ዕድል ከ37 ሚሊዮን አንድ ነበር። ሰውየው ፓርኪንሰን ያለበት፣ ከቤቱ ርቆ መሄድ የሚያቅተው ነው፤ ወንጀሉ የተሠራው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ተጨማሪ 4 ሎከስ ሲታይ አልገጠመም። ስድስት ጣሳ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

6ኛ ሳምንት

የአክስቴ ልጅ መጣች። ጣሳዎቹን አገላብጣ አየችና ከቦርሳዋ ጥቁር ዶቃ አወጣች። "ይሄ ቀለም ያለው ሰው ቢመጣስ?"

የእኔ መዝገብ ላይ ጥቁር የለም። ድግግሞሹ ዜሮ ነው። ኤክሴሉ በዜሮ ማካፈል አይቻልም ብሎ ተቆጣ። "ስለዚህ የማይቻል ሰው ነኝ?" አለች እየሳቀች። ጠበቃ አትመን።

መልሱ፦ 120 ሰው ቆጥሬ ስላላየሁት የለም ማለት አልችልም። የአሜሪካው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1996 ሪፖርቱ የመከረው፣ ብርቅዬ አሊል ቢያንስ አምስት ጊዜ እንደታየ ተቆጥሮ እንዲሰላ ነው። 120 ሰው 240 አሊል አለው፤ 5 ለ240 ሲካፈል 0.0208። ለጥቁሩ ይህን ሰጠሁት። ለተጠርጣሪው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ከዚያ ወደ ከባዱ ሄድን። ሁለት መንደር ሠራሁ፣ ላይ መንደርና ታች መንደር። በላይ መንደር ነጩን 1 ከመቶ፣ በታች መንደር 9 ከመቶ አደረግሁት። አማካዩ ያው 5 ነው። "አረንጓዴና ነጭ" በአማካይ ከ50 ሰው አንዱ ነው። ታች መንደር ብቻ ሲታይ ግን ከ28 አንዱ። ወንጀሉ ታች መንደር ተሠርቶ፣ ተጠርጣሪውም ሌላው ሊሆን የሚችለው ሰውም ሁሉም የታች መንደር ልጆች ከሆኑ፣ የአገር አማካይ መጥራት ማጋነን ነው።

እኛ አገር ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት። ከሰባት ቤት በኋላ ባዳ ነው ይባላል። ዲኤንኤ ግን እንዲህ ዓይነት አጥር አያውቅም። በአንድ ተራራ ሥር ለብዙ ትውልድ የኖሩ ሰዎች ዘመድ ነን ባይሉም ከሩቅ ቅድመ አያት የወረሱት የጋራ ነገር አለ። በወሎ ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊሙ ሲጋባ ነው የኖረው፤ ቆጠራው ውስጥ ማን ባዳ እንደሆነ መለየት ራሱ ሥራ ነው።

ይህን ለማረም ቴታ የሚባል ቁጥር አለ። ባልዲንግና ኒኮልስ በ1994 ቀመሩን አውጥተዋል። ለትልልቅ ሕዝቦች 0.01፣ ለትንንሽና ለተነጠሉ ማኅበረሰቦች 0.03 ይመከራል። ካርድ 47ን በ0.03 ደግሜ አሰላሁት። ከ1,953,125 አንድ የነበረው ከ624,000 አንድ ገደማ ሆነ። ሦስት እጥፍ ወረደ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጣሳ 6 ነው፤ 0.02 የነበረው 0.032 ሆነ። ብርቅዬ ቀለም ላይ ነው ቴታ የሚበረታው።

ቀመሩን ስጽፍ ቅንፍ አሳስቼ አንድ ምሽት ባክኗል። ዝርዝሩን ልለፈው።

7ኛ ሳምንት

ወንድም።

ይህን ለማድረግ ከካርዶቹ ሁለቱን "እናትና አባት" አድርጌ፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ዶቃ በሳንቲም እየወሰንኩ ልጆች ወለድኩ። 20 ልጅ። የጎረቤት ልጆቹ ስም ካላወጣን አሉ፤ አወጡ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከ6 ጣሳ 5ቱ ላይ ገጠሙ። 120ው ካርድ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ጣሳ የገጠመ አንድም ጥንድ አልነበረም።

ሒሳቡ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሎከስ ሁለቱንም አሊል ከወላጆቻቸው አንድ ዓይነት የሚወርሱበት ዕድል ሩብ ነው። አንዱን ብቻ የሚጋሩበት ግማሽ። ምንም የማይጋሩበት ሩብ። በዚህ መሠረት የካርድ 47 ወንድም በየጣሳው የሚገጥምበት ዕድል 0.4625፣ 0.49፣ 0.3875፣ 0.44፣ 0.35፣ 0.3175 ነው። አባዛሁት።

ከ233 አንድ።

ሁለት ሚሊዮን ገደማ የነበረው 233 ሆነ። ጣሳው ያው ነው፣ ዶቃው ያው ነው፣ ካርዱ ያው ነው። የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው፦ "ሌላ ማንኛውም ሰው ቢሆንስ?" የነበረው "ወንድሙ ቢሆንስ?" ሆነ። ለዚህ ነው ቁጥሩን ብቻውን መጥራት የማልወደው። ባለሙያዎቹ ላይክሊሁድ ሬሾ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ማስረጃው በአንዱ ታሪክ ሥር ምን ያህል ይጠበቃል፣ በሌላው ታሪክ ሥር ምን ያህል? ሁለተኛው ታሪክ ካልተነገረ ቁጥሩ የምን እንደሆነ አይታወቅም።

መንታስ? ተመሳሳይ መንታ ከሆነ 1 ነው። ጣሳው ምንም አይነግርህም።

እዚሁ ሳምንት የተደባለቀ ናሙናም ሞከርኩ። ሁለት ካርድ አንድ ላይ አድርጌ ቀለማቱን ብቻ ጻፍኩ። አንድ ጣሳ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ከታዩ፣ አንድ መንገደኛ ከእነዚህ ውጭ ቀለም የማይኖረው ዕድል 0.85 በራሱ ሲባዛ፣ 0.72 ነው። ስድስቱም ጣሳ እንዲህ ከሆኑ ከ7 ሰው አንዱ "ሊሆን ይችላል" ይባላል። ከ7 አንድ! ታክሲ ውስጥ ሁለቱ ተጠርጣሪ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ከ2012 ጀምሮ ኤስቲአርሚክስ የሚባል ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፤ የቀለሙን መኖር ብቻ ሳይሆን የምልክቱን ከፍታም ያያል። ዶቃ ከፍታ የለውም። ተውኩት።

8ኛ ሳምንት

መመሪያ ወረቀት ፎቶ ኮፒ (80 ብር)። ጠቅላላ ወጪ 1,225 ብር፣ ንፍሮውን ጨምሮ።

ቅዳሜ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ 14 ሰው መጣ። ከመጀመሬ በፊት ጠየቅኋቸው። "በ3 ጣሳ ብቻ የተሠራ ፕሮፋይል ገጠመ። በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ 0.0032 ነው። ሰውየው ንጹህ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?" 9 ሰው 0.0032 አለ።

"ወሎዬ ከሆነ ቡና ይወዳል። እውነት?" አልኩ። እውነት። "እንግዲያ ቡና የወደደ ሁሉ ወሎዬ ነው?" ሳቁ። "አሁን ያላችሁኝ ይህንኑ ነው።"

ከዚያ ሒሳቡ። ወንጀሉን ሊሠራ የሚችል 20,000 ሰው አለ እንበል። 0.0032 ስናባዛው 64 ሰው በአጋጣሚ ይገጥማል። ከእኛ ሰው ጋር 65። ሌላ ማስረጃ ከሌለ ከ65 አንዱ ነው፤ 1.5 በመቶ። ንጹህ የመሆን ዕድሉ 98.5 በመቶ ነው እንጂ 0.3 በመቶ አይደለም። ስድስቱንም ጣሳ ስንጨምር ደግሞ በአጋጣሚ የሚገጥመው 0.01 ሰው ብቻ ነው። ያኔ እሱ የመሆኑ ዕድል 99 በመቶ ይደርሳል። ዲኤንኤ ደካማ ማስረጃ ነው እያልኩ አይደለም። በ1980ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ፣ ሰውን በዲኤንኤ የሚለየው የአሌክ ጄፍሪስ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ በግድያ ምርመራ ላይ ሲውል፣ ቀድሞ ያደረገው አምኖ የነበረን ንጹህ ወጣት ነፃ ማውጣት ነው። ጥፋተኛው የተፈረደበት ኋላ በ1988 ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። "ልጄ፣ ዳኛ ችሎት ላይ እንዲህ እያባዛ እንዲቀመጥ ነው የምትፈልገው?" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ እርስዎማ እንዲጠይቁ ነው" አልኳቸው። እንግሊዝ ውስጥ በአዳምስ ጉዳይ የስታትስቲክስ ባለሙያ ለጁሪዎቹ፣ ማለትም ለፍርድ ለተቀመጡት ተራ ዜጎች፣ የቤይዝ ሒሳብ (አሁን እኛ ከ20,000 ሰው ተነስተን የሠራነውን ዓይነት) ሊያስተምር ሞክሮ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1996 ይህ የእነሱ ሥራ አይደለም ብሎ ነቅፎታል። ነገርኳቸው። "ትክክል!" አሉ ደስ ብሏቸው።

"እሺ ቁጥሩን በቃል ንገረን" አሉኝ ቀጥለው። የአውሮፓ የፎረንሲክ ተቋማት ኅብረት የ2015 መመሪያ የቃል መሰላል አለው። ከሚሊዮን በላይ "እጅግ በጣም ጠንካራ ድጋፍ"፣ ከ100 እስከ 1,000 "መጠነኛ ጠንካራ"። "ስለዚህ ካርድ 47 ወንድም ካለው ከላይኛው እርከን ወደዚያ ይወርዳል?" ወንድሙ የተጠረጠረ ከሆነ፣ አዎ። "ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወንድም አለህ ወይ ነዋ" አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ደገምኩት። 0.0032 ያለው 3 ሰው ነው። አንዱ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ልትፈትነኝ ነው።

9ኛ ሳምንት

ሳጥኑን ኮምቦልቻ ላሉ ጓደኞቿ ልታሳይ ወሰደችው። ትናንት መለሰችው። ቆጠርኩ። 598።

ሁለት ነጭ ዶቃ ጎድሏል፣ ሁለቱም ከጣሳ 6። አሁን እዚያ ነጭ 3 ከ98 ነው። አረንጓዴና ነጭ 0.02 የነበረው 0.0125 ሆኗል፤ ካርድ 47 ሳይነካ በአንድ የታክሲ ጉዞ ብርቅዬ ሆነ። ከ5ቱ የምርቃት ዶቃዎች ውስጥ ነጭ የለም፤ ሻጯ ጋ ሄጄ ደግሞ ያው ነጭ አልቋል አለችኝ። ያላት ወደ ክሬም የሚያደላ ነው። ሁለት ገዛሁ፣ ጣሳው ውስጥ ከተትኳቸው፣ መልሼ አወጣኋቸው። ያስታውቃሉ። ሰኞ ባቲ የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው።